አያ አስማረ ሽንሽን ጉርድ ለብሶ ሞጣ የሄደ ለት

በእኛ ጊዜ የወንድ ጉልበት ቢታይ ነውር አልነበረም። መጀመሪያ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንዳትደናገሩ። ቢቸና ገበያ ብትወጡ ወንዱ ሁሉ ቁምጣ ለባሽ ነው፣ ከላይ ጋቢ፣ ትከሻው ላይ ዱላ፣ ጉልበቱ እንደሆነ ለፀሐይና ለብርድ የተሰጠ ነው፤ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። ታዲያ ያው ቁምጣ በእግሮቹ መሀል ባይሰፋስ? ዙሪያውን ክፍት ቢሆንስ? አገር ይበጠበጣል። አንዲት ስፌት እኮ ናት፣ ስሙኝ፣ አንዲት የስፌት መስመር። ለዚች ስፌት ብለው ጠመንጃ ሲያጎርሱ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሞጣ ላይ።

የአያ አስማረን ነገር ነው የምነግራችሁ። አያ አስማረ ጎረቤታችን ነበር፣ አጥራችን አንድ ነው፤ እኔ ጓሮ ጎመን ስቀጥፍ እሱ ቤት የሚነገረው ሁሉ ይሰማኛል፣ ጆሮዬን ልድፈነው እንዴ? ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ የመንግሥት ሰዎች ሃምሳ አለቃ ይሉታል፣ እኛ አያ አስማረ ነው የምንለው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ሰላምታ ስትሰጡት መልሱን አስቦበት የሚመልስ።

እና ታናሽ ወንድም ነበረው፣ ባዬ የሚባል። ባዬ ደግሞ የሱ ተቃራኒ፣ ዘፋኝ፣ ሳቂታ፣ ሠርግ ያለ ባዬ ሠርግ አይሆንም። ታዲያ በጥር ሞጣ አጠገብ ሠርግ ተጠራ፣ ሄደ፣ ጠጅ ተጠጣ፣ ጭፈራው ላይ 'እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም' ተባባሉ ከአንድ ፈንታሁን ከሚባል የሞጣ ልጅ ጋር። ፈንታሁን በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው። ባዬ ወደቀ፣ አልተነሣም።

ፈንታሁን በማግስቱ ሄዶ እጁን ሰጠ፣ ተፈረደበት፣ ደብረ ማርቆስ ታሰረ። ታዲያ እናንተ 'አለቀ' ትላላችሁ፤ አላለቀም። በእኛ ጊዜ መንግሥት ያሰረው ለመንግሥት ነው። ለሟች ቤት ደሙ እንደ ትኩሱ ነው። የሟች ወንድም ከገዳይ ቤት አንድ ወንድ መጣል አለበት፣ ከዚያ እነዚያ ደግሞ ከዚህ ቤት ይጥላሉ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ደጃፉ ሣር የበቀለበት ስንት ቤት አውቃለሁ። ፈንታሁን ደግሞ አንድ ወንድም ብቻ ነው ያለው፣ ዲያቆን ነው፣ ቅኔ የሚማር፣ አንገቱ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ልጅ። እንግዲህ አያ አስማረ እሱን ነው የሚገድለው ማለት ነው።

የፈንታሁን አባት አቶ ላቀው ሽማግሌ ላኩ፣ ካህን ላኩ፣ 'ማረን' አሉ። አያ አስማረ ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ፣ አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ ሲያዳምጥ አረፈደና፣ "እሺ" አለ። ይቺው ናት፣ እሺ። ሞጣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሊታረቁ ቀን ተቆረጠ።

እሺ ማለቱ ሲሰማ እናቱ እማማ ይርገዱ ከልጃቸው ጋር መነጋገር ተዉ። ጨርሰው ተዉ። ቤታቸው ከእሱ ቤት ፊት ለፊት ነው፣ ሲያልፍ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ወንድማቸው አያ ጫኔ ደግሞ፣ የአስማረ አጎት፣ በየጠላ ቤቱ እየዞሩ፣ "የእህቴ ልጅ ኮሪያ ሄዶ ሰው የገደለው በሰው አገር ነው፣ በገዛ አገሩ ጠመንጃው ዝጓል" ይላሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ጢማቸው ወፍራም ነው፣ ግን ራሳቸው ዶሮ ሲታረድ ዘወር የሚሉ ሰው እንደሆኑ እኔ አውቃለሁ። ሌላው ሰው እንዲገድል ግን ይወዳሉ።

ታዲያ እርቁ ሲቃረብ፣ አንድ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ አያ አስማረ የአጥር በር ላይ የሴት ቀሚስ ተሰቅሏል። ከሥሩ እንዝርት፣ ከነጥጡ።

የዚያን ትርጉም በእኛ አገር ማንም አያጣውም። 'ደም ካልመለስክ እንካ ልበስ፣ እንካ ፍተል' ነው። እንዲህ የተደረገበት ወንድ ወይ የዚያኑ ለት ጠመንጃውን ያነሣል፣ ወይ አገር ለቆ ይጠፋል። ሦስተኛ ነገር አድርጎ ያየሁት ሰው አልነበረም።

እንስራዬን አስቀምጬ ቀሚሱን ቀረብ ብዬ አየሁት። ጫፉ ተቀዶ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ያን እራፊ አውቀዋለሁ፣ መርፌውን ያዋስኩት እኔ ነኝ። የእማማ ይርገዱ ቀሚስ ነው። እናቱ ናቸው የሰቀሉት።

በሩ ተከፈተና አያ አስማረ ወጣ።

"እንደምን አደርሽ ስንዱ።"

"እግዜር ይመስገን አያ አስማረ። ይሄን... ነፋስ አምጥቶት ይሆናል" አልኩት። ምን ልበል ታዲያ።

"ነፋስ እንዝርት አያመጣም" አለና አወረደው። አወረደና አጠፈው፣ እንዴት አድርጎ እንዳጠፈው ብታዩ፣ ለበዓል የሚቀመጥ ልብስ ነው የሚመስል። "የማን እንደሆነ አውቀሻል።"

"እኔ? እኔ ምን አውቄ።"

"አውቀሻል። ለማንም አትንገሪ።"

እኔ ወሬ እንደማልወድ ታውቃላችሁ። እስከ ቀትር ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አያ አስማረ ቀሚሱን ይዞ መንገዱን ተሻገረ፣ እናቱ ቤት ገባ። እኔም ወንፊት መዋስ ነበረብኝ፣ ተከተልኩ። እማማ ይርገዱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸው ዓይናቸው ድረስ ነው።

"እናቴ፣ ቀሚስዎን አምጥቻለሁ" አለ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ይህ ለእኔ ይጠበኛል። ልበስ ካሉኝስ፣ የራሴ አለኝ።"

ቀሚሱን አጠገባቸው አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ። እማማ ይርገዱ እኔን አዩኝ፣ "ምን አለ ይሄ ልጅ?" ቢሉኝ፣ "እኔም አልገባኝ እማማ፣ ወንፊት አለዎት?" አልኳቸው።

የራሴ አለኝ ያለው እውነቱን ነው። ከዘመቻ ያመጣው ትልቅ ሳጥን ነበረው፣ ከፈተው። ሚስቱ ጥሩዬ፣ አልቅሳ ጠርታኝ እኔም እዚያው ነኝ። ከሥር አንድ ጨርቅ አወጣ። የሱፍ ነው፣ ወፍራም፣ አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ፣ በመሀሉ ቀይ መስመር ያለው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የተጣጣለበት፤ ከኋላ ዙሪያውን የተሸነሸነ፣ ከጎን በቆዳ ዘለበት የሚታሰር። ወገብ ላይ ይጠመጠምና ጉልበት ላይ ያቆማል። ጉርድ ቀሚስ ነው በሉት፣ በቃ።

እስኮትላንድ የሚባል አገር አለ አለን። የዚያ አገር ወታደሮች ኮሪያ ላይ ከእነሱ ጎን ሰፍረው ነበር። ወንዶቻቸው በበዓልም፣ በሠርግም ይህን ነው የሚለብሱ፣ አባቶቻቸው ጦርነትም የገቡት ይህንኑ ለብሰው ነው፣ ስሙም ኪልት ነው አለን። ከአንዱ ጋር ወዳጅ ሆኑ፣ ሊለያዩ ሲሉ አያ አስማረ ጋቢውን ሰጠው፣ ያ ደግሞ ይህን ሰጠው። እኔ እስከ ዛሬ የማስበው ያን ፈረንጅ ነው፣ ጋቢ ለብሶ ሠፈሩ ሲገባ እሱንስ ምን ብለውት ይሆን።

"ይህን ለብሼ ነው ሞጣ የምሄደው" አለ።

ጥሩዬ ራሷን ያዘች። "በላዬ ላይ አፈር ነስንሰህ ሂድ። ልጆቼ በየት በኩል ይለፉ? የሴት ሚስት አድርገኸኝ!"

"ጥሩዬ፣ ስሚኝ።"

"አልሰማህም። ሱሪህን ለብሰህ ታረቅ፣ ማን ከለከለህ?"

"ሱሪ ለብሼ ብታረቅ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ ይሉኛል። በየጠላ ቤቱ፣ በየለቅሶው። አንድ ቀን፣ ጠጥቼ ወይም ከፍቶኝ፣ አንዱ ይልብኝና እጄ ይነሣል። ያን ጊዜ ያን ዲያቆን እገድለዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።" ጨርቁን አራገፈው። "ስለዚህ ፊቴ ቆመው ይበሉት። በአንድ ጉዞ ይበሉት። ሞጣ ስደርስ የሚሉት ያልቅባቸዋል።"

እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም።

እኔ ሞጣ እኅቴ ታማ ነበር፣ በመጠኑ ታማ ነበር፣ እና አብሬ ለመሄድ ወሰንኩ። ጥሩዬ "ከዚህ ጋር መንገድ አልወጣም" ብላ ቀረች። እማማ ይርገዱ በበቅሎ፣ ከወንድማቸው ከአያ ጫኔ ጋር አስቀድመው ሄደዋል፤ ሊታረቁ አይደለም፣ ልጃቸው ሲዋረድ ሊያዩ ነው ተባለ፣ እኔ እንጃ።

የሄድን ለት ማለዳ አያ አስማረ ወጣ። ከታች ያ ሽንሽን፣ ከላይ የወታደር ኮት፣ ትከሻው ላይ ዱላ። ኒሻኑን አላደረገም። "ኒሻኑንስ?" ብለው፣ "ሰው ኒሻን ካየማ ለኒሻኑ ይሰግዳል። ይህንን ይዩ" አለኝ።

ቢቸናን ስናልፍ ታዲያ ምን ልበላችሁ። ደጃፍ ደጃፉ ሞላ። አንዷ ማጠቢያዋን ጥላ ወጣች፣ አንዱ ተላጭቶ ሳይጨርስ ከነአረፋው ወጣ። አንዱ ሰካራም፣ ገና ማለዳ ነው እኮ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ "እመቤቴ፣ እንደምን አደሩ?" አለ። ሁሉም ሳቀ። አያ አስማረ ቆመና ጎንበስ ብሎ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደኅና ናቸው?" አለው። ሰካራሙ ግራ ገባው፣ "ደኅና ናቸው" አለ፣ "ልጄን ብቻ ሳል ይዞታል" አለ። "ይማርልዎ" አለውና ሄደ። እና ሰካራሙ ባርኔጣውን እንደያዘ ቀረ፣ መልሶ መልበሱ ጠፋበት።

መኪናው ጋ ደረስን፣ የጭነት መኪና ነው፣ ሰውም እህልም አብሮ የሚጭን። ሾፌሩ የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ አፉ የሚፈጥን። "ኧረ ሴትዮዋን ከኋላ አትጫኑብኝ፣ ጋቢና ይግቡልኝ፣ ቀሚሳቸው አቧራ ይነካል" አለ። ከላይ የተጫነው ሁሉ ተንጫጫ።

"ጋቢናው ለእኔ ነው?" አለ አያ አስማረ።

"ለእርስዎ ነው እንጂ እመቤት።"

"ሰጥተኸኛል?"

"ሰጥቻለሁ።"

አያ አስማረ ዘወር አለና ከኋላ ጆንያ ላይ የተቀመጠች አንዲት ነፍሰ ጡርን ጠራ። "ነይ እኅቴ፣ ውረጂ፣ ሾፌሩ ጋቢናውን ሰጥቷል።" ደግፎ አወረዳት፣ አስገባት፣ በሩን ዘጋላት። ሾፌሩ ለዚያ ወንበር አንድ ነጋዴ ቃል ገብቶ ኖሮ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን በሕዝብ ፊት የሰጠውን እንዴት ይመልስ። አያ አስማረ ዱላውን ለእኔ አቀብሎ ጎማውን ረግጦ ወደ ላይ ወጣ። ሲወጣ ከታች ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አጣመሙ፣ ምን እናይ ብለው። ያዩት ቁምጣውን ነው፣ ከሥር ቁምጣውን ለብሶ ነበር። አንዱ፣ "ከሥር ወንድ ነው" ብሎ ለሌላው ሲነግር ሰማሁት።

ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ቆመ፣ አንድ ጠላ ቤት ገባን። ታዲያ መንገድ ላይ አንድ ነገር አስተውዬበታለሁ፤ የሳቀበት እንደሆነ ዝም ይላል፣ የጠየቀው እንደሆነ ይመልሳል፣ የሰደበው እንደሆነ ግን ስሙን ይጠይቃል። ስሙን። እዚያ ጠላ ቤት አንድ ጎረምሳ፣ ጎፈሬው እንደ ዣንጥላ፣ ብድግ ብሎ መጣና ፊቱ ቆመ።

"ሸጋዋ፣ ባልሽ ብቻሽን መንገድ ሰደደሽ?"

አያ አስማረ ዋንጫውን አስቀመጠ። "ስምህ ማን ነው ወንድሜ?"

"ስሜን ምን ያደርግልሻል?"

"የሰደበኝን ሰው ስም ማወቅ እወዳለሁ።"

ጎረምሳው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ፣ ግን ስም ተጠይቆ ዝም ማለት ደግሞ ፍራት ይመስላል፣ "አንተነህ" አለ።

"አንተነህ ማን?"

"አንተነህ ተገኘ።"

"የትኛው ተገኘ? ደብረ ወርቅ በታች ያሉት፣ ነጭ ፈረስ የነበራቸው?"

ጎረምሳው፣ "አባቴን ያውቋቸዋል?" አለ። ከአንቺ እርስዎ ገባ፣ በመሀሉ ምንም ሳይቆም።

"የእናቴን የአክስት ልጅ ያገቡ ናቸው። ሠርጋቸው ላይ ልጅ ሆኜ ፈረሱን ያሰርኩ እኔ ነኝ። ደኅና ናቸው?"

"አርፈዋል። አምና።"

አያ አስማረ ተነሣ። እዚያው ጠላ ቤት ቆሞ፣ በዚያ ሽንሽን፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ፣ አልሰማሁም ነበር፣ ለቅሶ ሳልደርስህ ቀረሁ" አለው። ያ ጎረምሳ፣ ያ ጎፈሬያም፣ አጠገቡ ቁጭ አለና አባቱ እንዴት እንደታመሙ ይነግረው ጀመር። የጓደኞቹ ሳቅ አፋቸው ላይ ደረቀ። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ጎረምሳው መኪናው ድረስ ሸኘንና፣ "ግን ጋሼ፣ ለምንድን ነው የለበሱት?" አለ።

"ሰው እንዳልገድል።"

ጎረምሳው አልገባውም። ግን ራሱን ነቀነቀ።

ሞጣ ሲመሽ ገባን፣ እኔ እኅቴ ዘንድ፣ እሱ አቶ ሰይድ ዘንድ አደርን። አቶ ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ከአያታቸው ጀምሮ ሞጣ የኖሩ፣ አያ አስማረ ከዱሮ ያውቃቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሱቃቸው ደጃፍ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። አቶ ሰይድ ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ የሽንሽኑን ጫፍ በጣታቸው እያሹ ናቸው።

"ሱፉ ጥሩ ነው። ብል አልነካውም። በምን አስቀመጥኸው?"

"ከጥቁር አዝሙድ ጋር።"

"ደግ አድርገሃል። ይህ ሁሉ ሽንሽን ስንት ክንድ ጨርቅ ገብቶበታል፣ ዘርጋው ቢባል ይህን ሱቅ ይዞራል።" ከዚያ ቀና ብለው ሰዉን አዩት። "ምን ታፈጣላችሁ? እኔ ቤቴ ስገባ ሽርጥ ነው የማሸርጠው፣ አባቴም እንዲያው፣ ልጆቼም እንዲያው። ዘጠኝ ልጅ ወልጃለሁ። ሴት ነህ ያለኝ የለም። የሚገዛ ካለ ይግዛ፣ የማይገዛ ፀሐዬን ይልቀቅ።"

አንዲት ሴትዮ ነጠላ ገዛች፣ አፍራ።

እንግዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ቅጥሩ ውስጥ ወይራ አለ፣ ሽማግሌዎቹ ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ በአንድ በኩል የእነ አቶ ላቀው ወገን ቆሟል፣ ጠመንጃቸውን ይዘው፣ እርቅ እስኪፈጸም ጠመንጃ አይቀመጥም። በሌላው በኩል የእኛ ወገን፣ አያ ጫኔ መሀል። ሴቶቹ ለብቻ ናቸው፣ እማማ ይርገዱ እንደተሸፋፈኑ አሉ። መሀል ላይ አቶ ላቀው ተንበርክከዋል፣ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ አጠገባቸው ያ ዲያቆን ልጃቸው መሬት መሬት ያያል።

እኛ በዳገቱ በኩል ብቅ ስንል አንዱ የእነሱ ዘበኛ አየን። በዚያ ዘመን ታውቁ እንደሆነ፣ ደመኛ ሴት መስሎ መምጣት የታወቀ ነው፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ተከናንቦ፣ ከቀሚሱ ሥር ጠመንጃ ይዞ፣ ቀርቦ መጣል ነው። ስንቱ በለቅሶ ላይ እንዲህ ተገድሏል። እና ያ ዘበኛ ረዥም ሰው ጉርድ ለብሶ ሲመጣ ሲያይ ምን ይበል?

"ሴት መስሎ መጣ! ከሥሩ ይዟል!"

ጠመንጃው ሁሉ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። የእኛም ወገን አጎረሰ። ሴቶቹ ጮኹ፣ እኔ ከአንድ መቃብር ድንጋይ ኋላ ወደቅሁ፣ ተኝቼም ቢሆን ግን በጎን አያለሁ። አቶ ላቀው ድንጋዩን ሳይጥሉ ልጃቸው ላይ ተደፉበት። ያን ጊዜ አያ ጫኔ ደስ አላቸው፣ አይቻቸዋለሁ፣ ጢማቸው ሥር ደስ ብሏቸዋል። አንድ ጥይት ብቻ፣ ከማንም ወገን አንድ ጥይት ብትጮህ፣ ያ ሁሉ ቀን፣ ያ ሁሉ ሽምግልና አፈር ነው።

አያ አስማረ ቆመ። ዱላውን መሬት አስቀመጠ፣ ቀስ ብሎ። ኮቱን አወለቀ፣ በዱላው ላይ ጣለው። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ከዚያ ዞረ። እዚያው በቆመበት፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በፍጥነት ዞረ፣ ሽንሽኑ ተነሣ፣ ተነሣና እንደ ድባብ ተዘረጋ፣ ከሥሩ ያ የጎጃም ቁምጣ፣ ጭኑ ላይ የተጣፈ፣ ለሁሉም ታየ። ጠመንጃ የለ፣ ጩቤ የለ። ቁምጣ ብቻ።

ከሴቶቹ መሀል አንዲት መነኩሲት ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሊያፍኑት ቢሞክሩ እንቢ አላቸው። እሳቸው ሲስቁ ሌላዋ፣ ከዚያ ያ ዘበኛ ራሱ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ቅጥሩ በሳቅ ሞላ። የሚስቅ ሰው ደግሞ ጠመንጃ ደግኖ አይቆምም፣ አፈሙዙ ሁሉ ወደ መሬት ወረደ።

ያልሳቁት አያ ጫኔ ናቸው። ወጡና መሀል ቆሙ። "እዩልኝ የእህቴን ልጅ። ላቀው፣ ደስ ይበልህ፣ ከሴት ጋር ልትታረቅ ነው። የባዬ ደም በቀሚስ ተጠረገ።"

ሳቁ ቆመ።

አያ አስማረ አጎቱ ዘንድ ሄደ፣ ክንድ እስኪቀረው ቀረባቸው። "አጎቴ፣ ልበስ አሉኝ፣ ለበስኩ። ከቢቸና እስከዚህ ድረስ ያገኘኝ ሁሉ ሴት ብሎኛል። እመቤት ተብያለሁ፣ ሸጋዋ ተብያለሁ፣ ባልሽ የት ሄደ ተብያለሁ። አሁን እርስዎ ያሉትን ትናንት ሰካራም ብሎኛል።" ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ግን ሁሉም ሰማ። "እነዚህ ያልተናገሩት አንድ ስድብ ካለዎት አሁን ይበሉኝ፣ ቆሜ እሰማለሁ። ከሌለዎት ይቀመጡ፣ ሰውዬው ድንጋይ ተሸክሟል።"

አያ ጫኔ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ጠበቅሁ፣ አገር ጠበቀ። አንድ ቃል አልወጣም። ዞር ብለው ሰዉን አዩ፣ የሚያግዛቸው እንዳለ፤ ሰዉ እግሩን ያያል። ተቀመጡ። ምድር ላይ ተቀመጡ እኮ፣ ጋቢያቸውን ሳያነጥፉ።

አያ አስማረ ሄዶ ድንጋዩን ከአቶ ላቀው አንገት አነሣ። ሽማግሌውን ብብታቸውን ይዞ አቆማቸው። ዲያቆኑን አየው፣ ረዥም ጊዜ አየው። "ትምህርትህን ተማር" አለው። ይኸው ነው።

ካህኑ አማሏቸው፣ መስቀል አሳለሟቸው፣ ማዕድ ቀረበ። አሁን የሟችና የገዳይ ወገን ከአንድ ማዕድ እጁን ማስገባት አለበት፣ ሁሉም፣ አንድ ሰው ከቀረ እርቁ ጎዶሎ ነው። ሁሉም ገባ፣ አያ ጫኔም አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። የቀሩት እማማ ይርገዱ ናቸው።

"እኔ አልቀምስም" አሉ። "የልጄን ሥጋ አስበላችሁኝ፣ ይበቃኛል።"

ካህኑ ለመኑ፣ ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ እንቢ። አያ አስማረ መጣና ፊታቸው ተንበረከከ፣ ምንም አልለመነም፣ ተንበርክኮ ብቻ ቀረ። እናቱ አላዩትም፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ስንዱ፣ ይሄ ሰው ከትናንት ጀምሮ እህል ቀምሷል?"

"እኔ ሳይ አልቀመሰም እማማ። ጉንደ ወይን ላይ ጠላውንም ሳይጨርሰው ተነሣ።"

ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ፣ ማዕዱን ሳብ አደረጉ፣ ያንን አቶ ላቀው የቆረሱትን ማዕድ፣ ጠቅለል አድርገው አንድ ጉርሻ ለልጃቸው አፍ ውስጥ ከተቱ። ትልቅ ጉርሻ፣ ሊያንቀው ነበር። እሳቸው ግን አልቀመሱም፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንዱ፣ "አልበሉም፣ አይቆጠርም" አሉ። ካህኑ ግን፣ "እጃቸው ማዕድ ገብቷል፣ እኔ አይቻለሁ፣ ተፈጽሟል" አሉና ጸሎት አደረጉ። በቃ፣ ተፈጸመ። ያ ዲያቆን ዛሬ መሪጌታ ነው፣ ስንት ተማሪ አስተምሯል፤ ከዚያ ለት ጀምሮ ከሁለቱ ቤት በደም የሞተ የለም።

ይኸው ነው እንግዲህ። ምን ትስቂያለሽ አንቺ?

"አይ እማማ ስንዱ፣ እኔ የገረመኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ልብስ ሲሄድ ትንሽ እንኳ አለማፈሩ ነው።"

አለማፈሩ? ማን አለሽ? የተሳሳትሽው እዚያ ላይ ነው ልጄ። እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ ከቢቸና ጀምሮ ማጅራቱን እያየሁ ነው የሄድኩ። ማለዳ ነው፣ የደጋ ብርድ ነው፣ ላቡ ግን ከጆሮው ሥር እየወረደ የኮቱን ኮሌታ አርሶት ነበር፤ አንድ ሰው በሳቀ ቁጥር ትከሻው እንደ ተመታ ሰው ይሰበቃል። አፍሮ ነው የሄደ። እያንዳንዷን እርምጃ አፍሮ ነው የረገጣት፣ ግን አልቆመም።